አራተኛው ቆርቆሮ

ጄሽት ወር፣ ጨረቃ በሞላች ማግስት

ይህ ደብተር የልጄ የኢንዱ ነው። ፊት ፊቱ ላይ የልጅነት ሒሳቧ አለ፤ የቀረው ባዶ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ ስጽፍ እዘገያለሁ። ቢሆንም የትናንቱን የምነግረው ሰው ስለሌለኝ እዚህ ላስቀምጠው።

ትናንት እንደ ባለትዳር ሴቶቹ ሁሉ ዋርካው ላይ ክር ጠምጥሜ፣ ለባሌ ለኢንዱ አባት ዕድሜ ለምኜ ስመለስ፣ ያሲን ሚያ ደጃችን ቆሞ አገኘሁት። ያሲን በድንኳን እየዞረ ፊልም የሚያሳየው ሰው ነው። ዝናቡ ሳይጀምር አገሩ ሊገባ ጋሪውን ጭኗል። በሬዎቹ ሰማዩን አይተው የደነገጡ ይመስላሉ።

«እህቴ፣ የልጅሽን ፊልም አመጣሁልሽ» አለ።

ስድስት ክብ ቆርቆሮ አወረደ። እያንዳንዱ ላይ በኖራ ቁጥር ተጽፎበታል።

«አሁን ሰው የሚፈልገው የሚናገረውን ፊልም ነው። ይሄን ዝምተኛውን ባሳይ ድንጋይ ነው የሚወረውሩብኝ። አምባር ሠሪዎቹ አጥበን እንቅረጸው እያሉ ይለምኑኛል። ኢንዱን የሚያህል ልጅ እንዴት አምባር ትሆናለች ብዬ እምቢ አልኩ።»

መቼ ታሳየኛለህ ብዬ ጠየቅሁት። የእጅ ማሽኑ ጋሪው ሥር ተጭኗል፣ ደመናውም ደርሷል። ከመብራቱ በዓል ከዲዋሊ በኋላ፣ ለካርቲክ ወር ገበያ ሲመለስ እዚሁ ሸራ ሰቅሎ ለእኔ ብቻ ሊያሳየኝ ቃል ገባ።

«ዝናብ እንዳይነካው። እሳት እንዳያገኘው። አትክፈቺው ደግሞ፣ እርጥብ አየር ይገባበታል።»

ከዚያ እየሳቀ፣ የፊልሙን እናት ሆኖ የሠራው ጢሙን የተላጨ ወንድ እንደሆነ ነገረኝ። በኋላ ሳንግሊ ገበያ ውስጥ ሴቶች አውቀውት በጫማ ደብድበውታል።

«ምን አድርጎ?»

«ስታዪው ይገባሻል» አለና ሳቁን ተወው።

ክረምት የማይነካው ቦታ በቤታችን አንድ ነው፤ ከምድጃው በላይ ያለው ቆጥ። የዘር ማሽላው፣ ሽንኩርቱ፣ የሠርግ ሳሪዬ እዚያ ነው የሚከርሙት። በዚህ ቤት ባሳለፍኳቸው ክረምቶች ሁሉ ከዚያ ቦታ የሻገተ ነገር አውርጄ አላውቅም። እሳቱ ታች ነው፣ ቆጡ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ቆርቆሮዎቹን ከሳሪዬ አጠገብ ደረደርኳቸው።

እኔ ይህን ፊልም አላየሁትም። ድንኳኑ ከተማችን በመጣበት ዕለት ትኩሳት ነበረብኝ።


ጄሽት፣ ጨረቃ ስትጎድል

ዝናብ ገባ። ጣሪያው በሁለት ቦታ ያፈሳል። ቆጡ ደረቅ ነው።

እትዬ ጎዱባይ፣ የባሌ ታላቅ እህት፣ ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ከእኛ ጋር ናቸው። ዛሬ ቂጣ ስጋግር ቀና ብለው ቆርቆሮዎቹን አይተው፣ «የሞተ ልጅ ከሽንኩርት ጋር የሚሰቀልበት ቤት እዚህ አየሁ» አሉ።

«ልጅ አይደለችም፣ ፊልም ነው።»

«እሱንማ ገና በሕይወት ሳለችም ስትዪው ነበር።»

ቂጣው አረረ።


አሻድ ወር፣ አሥራ አንደኛው ቀን

የጾም ቀን። ተሳላሚዎቹ ወደ ፓንዳርፑር መቅደስ እየዘመሩ በደጃችን አለፉ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። አንዷ ሴትዮ ውሃ ለምናኝ ሰጠኋት። ጀርባዋ ላይ ያዘለቻት ልጅ ትስቅብኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቆጡን ልወለውል ወጣሁ። አራት ቁጥር የለም። ከሦስት ቀጥሎ አምስት ነው።

ሽንኩርቱን ሁሉ አወረድኩ። የማሽላውን ጆንያ አገላበጥኩ። የለም።

እትዬ ጎዱባይን ጠየቅኩ። ግቢያችን መሐል ያለችውን የተቀደሰች የቱልሲ ተክል ይዘው ማሉ። «እኔ የዚያችን ልጅ ነገር በሕይወቷም አልነካሁ፣ አሁን ልስረቅ?»

የወሰደው አምባር ሻጩ ነው። ባለፈው ሳምንት ከደጅ ቆሞ አሮጌ ፊልም አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼዋለሁ። በየት ገባ ግን?


በማግስቱ

ለኢንዱ አባት ነገርኳቸው። እሳቸው የመዳብ ቀጥቃጭ ናቸው። ሱቃቸው ከቤታችን ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ መዶሻቸውን እሰማለሁ። ስነግራቸው መዶሻው አልቆመም።

«ይገኛል» አሉ።

«ማን ያገኘዋል? ወጥተው ይፈልጉ እንጂ።»

«ይገኛል አልኩ።»

ኢንዱ ከሞተች ወዲህ ስሟን በአፋቸው ጠርተው አያውቁም። እንደ ድንጋይ ነው የሆኑት። አልቅሰው ቢሆን ኖሮ እኔም አጠገባቸው አለቅስ ነበር።

ማታ ራት ልጠራቸው ስገባ አንድ አዲስ ማሰሮ እየሠሩ ነበር። ሰፊ፣ አጭር፣ ክዳኑ እንደ ቆዳ ልክክ የሚል። እንዲህ ያለ ማሰሮ ማንም አይገዛም፣ ውሃም ሩዝም አይሆንም። ማን አዘዘዎት አልኩ። ክዳኑን ማስተካከል ቀጠሉ።

ልጃቸው ጠፍታ እሳቸው ማሰሮ ይሠራሉ።


አሻድ፣ መጨረሻው

እንግዳ መጣ። ጆግሌካር የሚባል ከፑና የመጣ ወጣት ነው፣ ለጋዜጣ ይጽፋል። ዣንጥላው ነፋስ ገልብጦት፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ደረሰ። ያሲንን አግኝቶት ነበር፤ ወደኛ የላከውም እሱ ነው።

በረንዳ ላይ አስቀምጬ ትኩስ ወተት ሰጠሁት። ዕድሜው የኢንዱ እኩያ ነው። ስለ ፊልሙ ሲያወራ ወተቱን ረሳው።

«እናቴ፣ ‹ደረቁ ጉድጓድ› ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለኝ።

«ልጄ የሠራችበት ነው።»

«አዎ። ግን ከእሱ በፊት የተሠራው ሁሉ ስለ አማልክትና ስለ ነገሥታት ነበር። ወርቀ ዘቦ የለበሱ። የልጅዎ ሳሪ የተጣፈ ነበር። ውሃ ፍለጋ በእውነተኛ ፀሐይ፣ በእውነተኛ ጠጠር ላይ ነው የሄደችው። ሰዎች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ደጅ አዩ።»

የተጣፈ ሳሪ ነው ያለው። ከገመድ ላይ የጠፋ አንድ ሰማያዊ ሳሪ ነበረኝ። የዚያን ጊዜ እትዬ ጎዱባይ የጎረቤታችንን ልጅ ጠርጥረው ተጣልተዋል።

«ሌላም አለ» አለ። «በሌሎቹ ፊልሞች ነገሩ ሲከፋ መጨረሻ ላይ አምላክ ይወርድና ሁሉን ያስተካክላል። በዚህኛው ማንም አይደርስላትም። መጨረሻው ላይ እኮ...»

«አይንገሩኝ። አየዋለሁ።»

ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ የመጣበትን ነገር ተናገረ። የሚናገረው ፊልም ሲመጣ ኮልሃፑር ያለው ስቱዲዮ ተዘጋ፤ ዋናው ቅጂ ፊልሙ ላይ ያለውን የብር ማዕድን ለማውጣት ፊልም ለሚቀቅሉ ሰዎች ተሸጠ። እሱ ያልጠየቀበት ከተማ የለም። የያሲን ብቻ ነው የቀረው። ቦምቤይ ውስጥ አንድ ወዳጁ የድንጋይ ቤት አለው፣ በበጋም የሚቀዘቅዝ። እዚያ ላስቀምጠው አለኝ።

«ካየሁት በኋላ» አልኩ።

«ከዲዋሊ በኋላ ማለት ነው?»

«ካየሁት በኋላ ይወስዱታል። አሁን ከቤቴ አይወጣም። አንድ ጊዜ ወጥቷል።»

አንገቱን ደፋ። የት እንዳስቀመጥኩት ጠየቀኝ። ወጥ ቤት ነው፣ ደረቅ ነው አልኩት። ፊቱ ተለወጠና ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ ተነስቶ ላየው ሊል ነበር። ከወጥ ቤት እትዬ ጎዱባይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንግዳ ወንድ፣ ያውም ርኩስ የሚባለውን የቆዳ ቀበቶ የታጠቀ፣ ወጥ ቤታችን አይገባም። እሱም ያውቃል። ተቀመጠ።

«ቀዝቃዛ ነው?» አለ ብቻ።

«ደረቅ ነው» አልኩት።

ሲሄድ በአክብሮት እግሬን ነካ። ልጅ ነው። አራተኛው እንደጠፋ አልነገርኩትም።


ሽራቫን፣ የእባብ በዓል ዋዜማ

አምባር ሻጩ መጣ። ለሽራቫን ሴቶች ሁሉ አዲስ አምባር ያደርጋሉ። የጎረቤታችንን አዲስ ሙሽራ እጇን እያሸ፣ እያስጮኻት፣ አምባር ሲያስገባላት አየሁ። አረንጓዴ፣ ቀለል ያለ፣ ብርጭቆ ያልሆነ።

«ይሄ አይሰበርም፣ እናቴ» አለኝ። «ሙሽሪት ባሏን ብትመታበትም አይሰበርም። ፊልም ነው። በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ሥዕሉ ይለቃል፣ እንደ መስታወት ይሆናል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ልጅቷ እጇን ወደ ብርሃን አነሳች። እኔም አየሁ። ምንም የለበትም፣ ንጹሕ ነው።

«አራት ቁጥርን መልስ» አልኩት፣ በሰው ፊት።

ምን እንደምል አልገባውም። ቅርጫቱን ዘርግፎ አሳየኝ። ከሄደ በኋላ እትዬ ጎዱባይ፣ «ሰው ፊት አሳፈርሽን። ነጋዴ መስረቅ ቢፈልግ የመዳቡን ሱቅ ትቶ ቆጥ ላይ ይወጣል?» አሉኝ። ይህንን አላሰብኩም ነበር።


ሽራቫን

ወጥ ቤቱ ይሸታል። እትዬ ጎዱባይ የሞተ አይጥ ነው ብለው ጥግ ጥጉን ሁሉ አስጠረጉኝ። አይጥ አይደለም። ኮምጠጥ ያለ፣ አፍንጫ የሚወጋ ነው። የሽንኩርት ብስባሽ ይሆናል። ሽንኩርቱን ለየሁ። ደህና ነው።

እሳት ጨመርኩ። ክረምት ውስጥ ሽታ የሚያጠፋው ጭስ ነው።


ሽራቫን፣ ሰኞ

ራሴን አሞኛል። ዓይኔ ያለቅሳል፣ ከጭሱ ነው።

መደርደሪያው ላይ ያሉት የመዳብ ዕቃዎች አረንጓዴ ሆኑ። በእንቆይ ፍሬና በአመድ አሸሁ፣ አበሩ። በሦስተኛው ቀን እንደገና አረንጓዴ። የቀጥቃጭ ሚስት ዕቃዋ ሲዝግ ሰው ምን ይላል።

የኢንዱ አባት አንዱን አንስተው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። በጥፍራቸው ፋቁት፣ አሸተቱት።

«ይሄ የዝናብ አይደለም» አሉ። ቀና ብለው ቆጡን ተመለከቱ። «ልውጣና ልየው?»

«አይክፈቱት። ያሲን አትክፈቺ ብሏል።»

«ከላይ ብቻ።»

«እርጥበት ይገባበታል አልኩዎት። ልጄን ያበላሹብኛል።»

ልጄን አልኩ። ፊልሙን ማለቴ ነበር። ዕቃውን ቦታው መልሰው ወጡ። መዶሻቸው ያን ዕለት እስኪመሽ አልተሰማም። በግድግዳው ቀዳዳ ሳይ፣ ያንን ማንም ያላዘዘውን ማሰሮ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እጃቸውን ክዳኑ ላይ ጭነው ተቀምጠዋል። ሰውዬው እያረጁ ነው መሰለኝ።


ባድራፓድ፣ የጋኔሽ በዓል

እንግዳ በዛ፣ ጊዜ የለም። ጣፋጩን ስንጠቀልል እትዬ ጎዱባይ ስለ እኔ ለእህቴ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ድንኳኑ የመጣ ቀን ደህና ነበረች፣ ምን ትኩሳት? ሩዝ ስትወቅጥ ነው የዋለችው። ከፀሐይ መግቢያ እስከ እኩለ ሌሊት። ከበሮውና መለከቱ ከወንዙ ዳር ሲሰማ እሷ ሙቀጫዋን ትመታለች። የስድስት ወር ሩዝ ወቅጣ ጨረሰች።»

እህቴ ጣፋጩን መጠቅለል ቀጠለች።

እትዬ ጎዱባይ አርጅተዋል፣ ቀን ይቀላቅላሉ። ሩዙን የወቀጥኩት ሌላ ቀን ነው።


ባድራፓድ፣ የሙታን ሁለት ሳምንት

ለሙታን ሁሉ ሩዝ አቀረብን፤ ለአማቶቼ፣ ለእትዬ ጎዱባይ ባል። ያላገባች ልጅ ቦታ የላትም ይላሉ። እኔ ግን ከጣሪያው ጫፍ ላይ ለብቻ ትንሽ አስቀመጥኩላት፣ በሙዝ ቅጠል፣ እርጎ ጨምሬበት። እርጎ ትወድ ነበር።

ሙታን የሚበሉት በቁራ አፍ ነው፤ ለሌሎቹ ቁራዎቹ ወዲያው ወረዱ። የኢንዱ ግን ተቀመጠ። አንድ ቁራ መጥቶ አጠገቡ ቆመና አንገቱን አዘንብሎ አየን። አልበላም።

እትዬ ጎዱባይ እንኳ በዚህ አይቀልዱም። «የቀረባት ነገር አለ» አሉ በቀስታ። «ቃል ግቢላት።»

ቁራው ምግቡን ያልቀመሰለት ሙት ምን እንደጎደለው መገመትና ቃል መግባት ነው ደንቡ። «አይሻለሁ፣ ከዲዋሊ በኋላ አይሻለሁ» አልኩ። ቁራው አልተነቃነቀም። ደጋግሜ አልኩ። ልብሴ እስኪበሰብስ ቆምኩ።

የኢንዱ አባት ከሱቅ ወጥተው መጡ። ማንም አልጠራቸውም። ወደ ጣሪያው ጫፍ ጠጋ ብለው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ። አልሰማሁትም። ቁራው ወረደና በላ። ጠርጎ በላው።

ምን አሏት? ቢጠየቁ አይናገሩም።


አሽዊን

ከቆጡ ላይ አንድ ጠብታ ወረደ፣ ምድጃው ጠርዝ ላይ። ቡናማ ነው፣ እንደ ማር ይጣበቃል። የጣሪያው ፍሳሽ ጥላሸት አጥቦ ያወረደው ነው። በጨርቅ ጠረግኩት። ጨርቁ ጣቴን አቃጠለኝ።

ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል። ጣሪያው በየት እንዳፈሰሰ እንጃ።


አሽዊን፣ ከዳሳራ በዓል በኋላ

እንቅልፍ የለም። ዛሬ ብዙ ልጽፍ ነው።

ባለፈው ዓመት በዚህ ሰሞን ነበር ያሲን መልእክት ይዞልኝ የመጣው። ስቱዲዮው ተዘግቷል፣ ኢንዱ ቤት ልምጣ ትላለች አለኝ። በዚያ ሰሞን የእህቴን ልጅ ለማየት የሙሽራው ወገኖች ይመላለሱ ነበር። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፣ ይጠይቃሉ። የፊልም ሴት ቤቱ ውስጥ አለች ከተባለ ነገሩ ይበላሻል። እኔ ለሰው ሁሉ ኢንዱ ፑና ውስጥ ሕሙማን ታስታምማለች ነበር የምለው። ስለዚህ ለያሲን፣ «ሠርጉ ይለፍና ትምጣ በላት» አልኩት። ይለፍ ማለት አትምጣ ማለት አይደለም። ማንም እናት እንዲህ ትላለች። ጊዜው ስላልተመቸ ነው።

ሠርጉ ከአራት ወር በኋላ፣ በማግ ወር ነበር። እሷ ደረቷን ታማ ኮልሃፑር በኪራይ ክፍል ውስጥ የሞተችው ከሠርጉ በፊት ነው። ያሲን ነው የሞቷን ወሬ ያመጣልን። ጠርሙስና ማበጠሪያም አመጣልን።

ሠርጉ አልተሰረዘም። ብሰርዘው ምን ይጠቅማታል።

የልጄን ፊት እየረሳሁት ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ግንባሯን አስታውሳለሁ፣ አገጯን አስታውሳለሁ፣ አንድ ላይ አይመጡልኝም። ፎቶ የለንም፤ አንድ ጊዜ ከኮልሃፑር የላከችውን እኔ አጣሁት፤ የት እንዳደረግሁት አላውቅም፣ ምድጃ ስለኩስ የማላነድደው ወረቀት የለም። ግን ቆጡ ላይ ቀና ስል፣ እዚያ አለች፣ ትራመዳለች፣ ትስቃለች እላለሁ። ጥቂት ቀን ነው የቀረው።

ሽታው አሁን መኝታ ቤት ይገባል።


ካርቲክ፣ ዲዋሊ

መብራት አበራን። የሰው ቤት ርችት ያስፈራኛል ዘንድሮ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብልጭታው ወደ ወጥ ቤታችን እንዳይመጣ በሩ ላይ ቆሜ አመሸሁ።


ካርቲክ፣ የገበያው ሳምንት

ያሲን መጣ። ድንኳኑ ትልቅ ሆኗል፣ የሚናገረው ማሽን የሚጮኸው እስከዚህ ይሰማል። ቃሉን ግን አልረሳም። ጧት አሮጌውን የእጅ ማሽን ተሸክሞ መጣ። ጆግሌካርም ከፑና ደረሰ። እንደ ሠርግ ቀን ታጥቤ፣ ያቺን የሠርግ ሳሪ ላወርድ ቆጡ ላይ ወጣሁ። ሳሪው ጥርስ እንደበላው ተቦዳድሷል፣ ስነካው ተበጠሰ። አልተናገርኩም። ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አወረድኩ። ከንፈራቸው ዝጎ ተጣብቋል።

በረንዳው ላይ ያሲን አሸተታቸው። «እህቴ፣ የት ነበር ያስቀመጥሽው?»

«ከሁሉም ደረቅ ቦታ።»

«የት?»

አሳየሁት። በበሩ አሻግሮ ቆጡን አየ፣ ከሥሩ ምድጃውን አየ፣ እሳቱ ይነድዳል። ፊቱ አመድ ሆነ። «አላህ» ብሎ ተቀመጠ። «ቤታችሁ እንዴት ተረፈ? ይሄ እኮ እንደ ባሩድ ነው የሚነድደው።»

አንደኛውን በቢላ ከፈተው። ቡናማ ዱቄት ነው፣ እንደ ተፈጨ በርበሬ። ነፋሱ ትንሽ ወሰደበት። ሁለተኛው እንደ ቀለጠ የሸንኮራ ስኳር አንድ ላይ ተጋግሯል፣ ውስጡ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ሦስተኛው እንደዚያው። አምስተኛው ዱቄት። ስድስተኛውን ሲከፍት ፊቴን አዞርኩ፤ ከዝምታቸው አወቅሁት።

ጆግሌካር ዣንጥላው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ያለቅሳል፣ እንደ ሕፃን፣ ሳይደብቅ። «ወጥ ቤት ሲሉኝ መግባት ነበረብኝ» አለ።

ያሲን ደግሞ፣ «የኔ ጥፋት ነው። ቀዝቃዛ ቦታ ማለት ነበረብኝ። እሳት እንዳያገኘው አልኩ እንጂ ሙቀት አላልኩም» ይላል።

እኔን ማንም አልወቀሰኝም። እትዬ ጎዱባይ እንኳ። እጄን ያዙኝ፣ ኃይለኛ እጅ አላቸው።

«እንዲደርቅ ብዬ ነው» አልኩ። ሰምተውኛል። ደግሜ አልኩት።

ያኔ የኢንዱ አባት ተነስተው ወደ ሱቅ ገቡ። ያንን ማሰሮ ይዘው ተመለሱና ያሲን ፊት አስቀመጡት። ክዳኑን ሲያነሱ ውስጡ በጥጥ ተጠቅልሎ አንድ ቆርቆሮ አለ። አራት ቁጥር።

ያሲን ከፈተው፣ ጫፉን በጣቱ አነሳ፣ ወደ ሰማዩ ዘረጋ። «ደህና ነው» አለ። «ተጨማድዷል እንጂ ደህና ነው።»

«እርስዎ ነበሩ?» አልኩ።

«ያሲን ቆርቆሮዎቹን ያወረደ ቀን የትኛው ውስጥ ውሃ ፍለጋ እንደምትሄድ ጠይቄው ነበር። ሱቁ ይቀዘቅዛል፣ ለእኔ እንዲሆነኝ... አጠገቤ እንድትሆን ነው የወሰድኩት። ልነግርሽ አስቤ ነበር።»

«ውሃ ፍለጋ እንደምትሄድ በምን አወቁ?»

«አይቼዋለሁ።»

«መቼ?»

የኢንዱ አባት መሬት መሬት አዩ። «ትኩሳት የያዘሽ ቀን።»


ያው ቀን፣ ሲመሽ

ሱቁ ውስጥ ነጭ ሸራ ሰቀሉ። ያሲን ከመጀመሩ በፊት አስጠነቀቀኝ። ጠርዙ ተበልቷል፣ አንድ ጊዜ ያልፍ ይሆናል፣ ለሁለተኛው አይምልም። ባይነካ ግን ጆግሌካር ቦምቤይ ወስዶ፣ ሰው ተፈልጎ፣ ምናልባት ከርሞ ሌላ ቅጂ ይወጣለት ይሆናል። በዓለም ላይ የቀረው ይኸው ነው። ጆግሌካር ምን እንደሚፈልግ ፊቱ ላይ ነበር። ይለፍ፣ ከርሞ ብል ኖሮ ሁሉም ደስ ይላቸው ነበር።

«አሁን» አልኩ።

ያሲን እጀታውን ማዞር ጀመረ። እንደ ወንፊት ይንኮሻኮሻል። ሸራው ላይ ዝናብ የመሰለ ጭረት ወረደ፣ ከዚያ ጠጠር መንገድ መጣ። አንዲት ሴት ከሩቅ እንስራ ተሸክማ ትመጣለች። ፊቷ ሳይታይ አወቅኳት። ግራ እግሯን ወደ ውጭ ትጥላለች፣ በሕፃንነቷ ከደረጃ ወድቃ ነው። ሰማያዊው በሸራው ግራጫ ሆኗል እንጂ ሳሪው የኔ ነው፤ ትከሻው ላይ የጣፍኩት እኔ ነኝ፣ ስፌቱ እንደ ሁልጊዜው ጠምዛዛ።

ቀረበች። ግንባሯና አገጯ አንድ ላይ መጡ።

ጽሑፍ ሲመጣ እኔ ፊደል እስክለቅም ያልፋል። ያኔ ከጎኔ ድምፅ ሰማሁ። የኢንዱ አባት ነበሩ። ጽሑፉ ሸራው ላይ ሳይወጣ ቀድመው በቃላቸው ይናገሩታል።

«‹ጉድጓዱ ደርቋል›» አሉ። ወጣ። «‹የመንደሩ ሰው ውሃ ከለከለኝ።›» ወጣ። ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «‹እናቴ ቤት እሄዳለሁ። እናቴ አትከለክለኝም።›»

አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ ማንም ይህን ያህል አይዝም።

«ለቁራው ያልኩት ይኼን ነው» አሉ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው። «ላሳያት ነው ያልኩት።»

ኢንዱ አንድ ደጅ ደረሰች። የእንጨት በር ነው፣ የተዘጋ። እንስራውን አወረደች። ላቧን በሳሪዬ ጫፍ ጠረገች፣ ፀጉሯን አስተካከለች፣ ሰው ቤት ስትገባ ሁልጊዜ እንደምታደርገው። እጇን አነሳች። ሊያንኳኳ ያለው እጅ እዚያው ቀረና ሸራው ነጭ ሆነ።

ማሽኑ እየተሽከረከረ ቀጠለ። ያሲን አቆመው። ፊልሙ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል፣ የቀረው ግን ደህና ነው፤ ማሰሮው ውስጥ መልሶ ለጆግሌካር አስታቀፈው። ነገ ይዞት ይሄዳል።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«የሚቀጥለው አምስተኛው ውስጥ ነበር» አለ ያሲን፣ ማሽኑን እየጠረገ። ቀና አላለም። ጆግሌካር ማሰሮውን አቅፎ ወደ በሩ ዞረ።

የኢንዱ አባት መዶሻቸውን አነሱ፣ የሚቀጠቀጥ ነገር የለም፣ መልሰው አስቀመጡት።

«እናቷ ከፈተችላት» አሉ።

ከፈተችላት። እዚህ ጻፍኩት።